የቲቢን ኢንዛይም የሚያቆም ሞለኪውል እንዴት ይፈለጋል? ከደብረ ብርሃን ብርድ የተጻፈ መመሪያ

ባለፈው ታኅሣሥ አንዲት ተማሪዬ ላፕቶፗን አቅፋ ቢሮዬ ገባች። ውጭው ውርጭ ነው። ፎጣዋን ከአንገቷ እንኳ አላወረደችም። «መምህር፣ ከዜሮ በታች 9.8 አገኘሁ! ይዩልኝ!» አለች።

ቁጥሩን የሰጣት ኮምፒውተር ነው። አንድ ሞለኪውል የቲቢን ባክቴሪያ አንድ ኢንዛይም ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ የሚገምት ቁጥር ነው። ከዜሮ በታች በራቀ መጠን አያያዙ ጠበቀ ማለት ነው። 9.8 ጥሩ ቁጥር ነው። በጣም ጥሩ። ወዲያው የጠረጠርኩትም ለዚህ ነው።

የሠራችውን ስህተት ደረጃ 2 ላይ ታገኙታላችሁ። እኔም በጊዜዬ ሠርቼዋለሁ። ይህን መመሪያ የምጽፈው ባዮኬሚስትሪ፣ ፋርማሲ ወይም ኬሚስትሪ ለምትማሩና «እዚህ ሰሜን ሸዋ ተቀምጬ ምን ልሠራ?» ለምትሉ ነው። ብዙ ይሠራል። የመንገዱ ግማሽ የሚፈልገው አንድ ላፕቶፕና ትዕግሥት ነው። ግማሹ ላብራቶሪና አብሮ የሚሠራ ሰው ይፈልጋል።

አንድ ነገር ከአሁኑ ያዙልኝ። የእኛ ሥራ «መድኃኒት አገኘሁ» ማለት አይደለም። የራሳችንን እጩ ሞለኪውል ለመጣል መሞከር ነው። አውድማ ላይ ገብሱን በመንሽ ሽቅብ እየወረወርን ለነፋስ እንደምንሰጠው። ገለባው ይሄዳል። ሄዶ ሄዶ የቀረ ነገር ካለ፣ እሱን ይዘን ወደሚቀጥለው ደረጃ እንሻገራለን።

ሌላም አለ። ቤታችሁ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ካለ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡና ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ቲቢ ዛሬም የሚድን በሽታ ነው። መደበኛው ሕክምና ስድስት ወር ነው፤ ሁለት ወር አራት መድኃኒት፣ ከዚያ አራት ወር ሁለት መድኃኒት። መንዝ ያለችው አክስቴ በአራተኛው ወር «ድኛለሁ፣ ምን ያንገበግበኛል» ብላ ልታቆም ነበር። ሽንቷን የሚያቀላው ሪፋምፒሲን አስፈርቷታል። ለምነን አስጨረስናት። አዲስ መድኃኒት የምንፈልገው እንደ እሷ ያሉ ሰዎች ባጭሩ እንዲገላገሉ፣ ነባሮቹን መድኃኒቶች ለተላመደው ባክቴሪያም ሌላ መሣሪያ እንዲኖረን ነው።

መጀመሪያ፣ የባክቴሪያው በርኖስ

የቲቢ ባክቴሪያ ዙሪያውን ማይኮሊክ አሲድ በሚባል ሰም መሰል ቅባት ተጠቅልሏል። የመንዝ ሰው በርኖስ እንደሚደርበው። በርኖስ ዝናብና ብርድ አያስገባም። ይኼኛውም ብዙ መድኃኒት አያስገባም።

በርኖስ በአንድ ሰው እጅ አያልቅም። በጉ ይሸለታል፣ ሱፉ ይባዘታል፣ ይፈተላል፣ ይሸመናል፣ ይሰፋል። ፈታይዋ እጇን ካጠፈች ሸማኔው ሥራ ይፈታል። የባክቴሪያው ሰምም እንዲሁ በቅብብል ነው የሚሠራው። በየደረጃው አንድ ኢንዛይም አለ። ኢንኤችኤ ከእነዚህ ሠራተኞች አንዱ ነው። የቅባቱን ሰንሰለት በማስረዘም ዙር ውስጥ የመጨረሻዋን እርምጃ ይሠራል። ለዚህም ኤንኤዲኤች የሚባል ረዳት ሞለኪውል ይጠቀማል። ይህን ስም አትርሱት፤ ሁለት ቦታ ላይ ጉድ ይሠራችኋል።

ኢንዛይምን የሚያቆም ሞለኪውል ኢንሂቢተር ይባላል። በአማርኛ «አጋች» ልንለው እንችል ነበር። ቃሉ ዛሬ ዛሬ ሌላ ነገር ስለሚያስታውስ ትቼዋለሁ። ክፍል ውስጥም የምንለው ኢንሂቢተር ነው።

ትንሽ ታሪክ፤ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ዛሬ ከዋናዎቹ የቲቢ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው አይሶኒያዚድ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው በ1912 ፕራግ ውስጥ ነው። ለቲቢ ብሎ ያሰበው ሰው አልነበረም። 40 ዓመት ዝም ብሎ ተቀመጠ። ቲቢን እንደሚገድል የታወቀው በ1952 ነው። ኢንኤችኤ የሚባለውን ኢንዛይም እንደሚያቆም የታወቀው ደግሞ በ1994 ነው። ሰው ሲድንበት ኖሮ ኖሮ፣ እንዴት እንደሚሠራ የገባን ከ40 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እኛ አሁን የምናደርገው ነገሩን ገልብጦ ከኢንዛይሙ መነሳት ነው።

ደረጃ 1፦ ኢንዛይሙን ምረጡ

የቲቢ ባክቴሪያ ሙሉ ጂኖም የታተመው በ1998 ነው። ወደ 4,000 የሚጠጉ ጂኖች አሉት። ከዚህ ሁሉ የቱን ትመርጣላችሁ? ለራሳችሁ እነዚህን ጥያቄዎች አቅርቡ። ኢንዛይሙ ቢቆም ባክቴሪያው በእርግጥ ይሞታል? ሰው ውስጥ ተመሳሳዩ አለ ወይ? ካለ ታካሚውንም እንጎዳለን። ሦስት አውታሩ፣ ማለትም የአተሞቹ አቀማመጥ፣ ታውቋል? ሞለኪውል የሚገባበት ጎድጓዳ ቦታስ አለው?

ኢንኤችኤ አራቱንም ያልፋል። የሰው ልጅ ቅባት የሚሠራው በአንድ ትልቅ ፕሮቲን ላይ ሁሉንም ሥራ ሰብስቦ ነው። ባክቴሪያው የሰሙን ሰንሰለት የሚያስረዝመው ግን ለየሥራው በተለየ ኢንዛይም ነው። ይህ ልዩነት ለእኛ ጥሩ ነው።

ሌሎችም አሉ። ሪፋምፒሲን የሚያቆመው አርኤንኤ ፖሊመሬዝን ነው። ፍሎሮኪኖሎኖች ዲኤንኤ ጋይሬዝን ይይዛሉ። በ2012 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ቤዳኩዊሊን ባክቴሪያው ጉልበት የሚያመርትበትን ኤቲፒ ሲንቴዝ ያቆማል። ዲፒአርኢ1 የሚባለውም ብዙ ተመራማሪ የሚረባረብበት ነው። ለጀማሪ ግን ኢንኤችኤን እመክራለሁ። ብዙ ስለተጠና ስህተታችሁን የምታመሳክሩበት ነገር አታጡም።

አሁንም ኢንኤችኤን የምንፈልግበት ሌላ ምክንያት አለ። አይሶኒያዚድ ሲዋጥ ገና መድኃኒት አይደለም። ባክቴሪያው ውስጥ ካትጂ የሚባል ሌላ ኢንዛይም አለ። እሱ ነው የሚያነቃው። ከነቃ በኋላ ከኤንኤዲ (ኤንኤዲኤች ሥራውን ሲጨርስ የሚሆነው መልክ) ጋር ተጣብቆ ኢንኤችኤን ይይዛል። ብዙ አይሶኒያዚድን የተላመዱ ባክቴሪያዎች ያበላሹት ኢንኤችኤን ሳይሆን ካትጂን ነው። እንግዲህ በካትጂ ሳያልፍ ኢንኤችኤን በቀጥታ የሚይዝ ሞለኪውል ቢገኝ እነዚህን ያጠቃል። የፍለጋው ቁም ነገር ይኼ ነው።

ደረጃ 2፦ መዋቅሩን አውርዱ፣ አጽዱ፣ ግን አታራቁቱት

የፕሮቲን መዋቅሮች የሚቀመጡበት ፕሮቲን ዳታ ባንክ ነጻ ነው። የምታወርዱት መዋቅር ኮድ 1ፒ45 ነው፤ አንድ፣ ፒ፣ አራት፣ አምስት። ፒዋ የላቲን ፊደል ናት። ይህ ኢንኤችኤ ትራይክሎሳንን እንደያዘ የተነሳው ምስል ነው። ትራይክሎሳን በአንዳንድ ሳሙናና የጥርስ ሳሙና ውስጥ ይገባ የነበረ ፀረ ጀርም ነው። ያለ ካትጂ እርዳታ ኢንኤችኤን በቀጥታ ይይዛል። ለመድኃኒትነት ደካማ ነው፤ ለማነጻጸሪያ ግን ግሩም ነው።

ፋይሉን ፓይሞል ወይም ካይሜራ በሚባሉት የመዋቅር ማሳያ ፕሮግራሞች ክፈቱት። የፕሮቲኑ ኮፒ ከአንድ በላይ ከሆነ አንዱን ብቻ አስቀሩ። ውሃዎቹን አጥፉ። ሃይድሮጅን ጨምሩ።

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ብዙ የቪዲዮ ትምህርት «ፕሮቲን ያልሆነውን ሁሉ አጥፉ» ይላል። ተማሪዬ ያንን ነው ያደረገችው። ኤንኤዲውም አብሮ ጠፋ። ኢንኤችኤ ውስጥ ኤንኤዲው የወለል ምንጣፍ ነው። ትራይክሎሳን የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። ኦኤች የሚባለው ጫፉ በአንድ በኩል ታይሮሲን 158 ከሚባለው አሚኖ አሲድ ጋር፣ በሌላ በኩል ከራሱ ከኤንኤዲው ጋር ይያያዛል። ምንጣፉን ስታነሱት ትልቅ ባዶ ጉድጓድ ይቀራል። ኮምፒውተሩ ሞለኪውላችሁን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ይዘፍቀውና የሚያምር ቁጥር ይሰጣችኋል።

«እስቲ ፋይሉን ክፈቺው» አልኳት። ሞለኪውሏ ልክ ኤንኤዲ መቀመጥ ካለበት ቦታ ላይ ተንጋላለች። ልጅቷ ዝም አለች። «ኤንኤዲውን መልሺና ድገሚው» አልኳት። ሲደገም 6.4 ሆነ።

ደረጃ 3፦ ዶኪንጉን ፈትኑት

ዶኪንግ ማለት ሞለኪውሉን ኢንዛይሙ ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ በኮምፒውተር ማስገባትና አያያዙን መገመት ነው። አውቶዶክ ቪና ነጻ ነው፤ ተራ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። የፍለጋውን ሳጥን ትራይክሎሳኑ ባለበት ላይ አድርጉ። እያንዳንዱ ጎን 20 አንግስትሮም (የአተሞች ርቀት የሚለካበት አሃድ) አካባቢ ይበቃል።

አዲስ ሞለኪውል ከማስገባታችሁ በፊት ትራይክሎሳኑን አውጡና ራሱኑ መልሳችሁ ዶክ አድርጉት። ኮምፒውተሩ ያስቀመጠበት ቦታ ከእውነተኛው ጋር ያለው ልዩነት ከ2 አንግስትሮም በታች መሆን አለበት። ካለፈ ሳጥኑ፣ ሃይድሮጅኑ ወይም ኤንኤዲው ላይ ችግር አለ። የሚታወቀውን ያላወቀ ኮምፒውተር የማይታወቀውን አያውቅላችሁም።

በየመመረቂያ ጽሑፉ ስለማያት አንድ ጥፋት ልንገራችሁ። ተማሪው አይሶኒያዚድን ራሱን ኢንኤችኤ ላይ ዶክ ያደርጋል። ከዚያ «የእኔ ሞለኪውል ከአይሶኒያዚድ ይበልጣል» ብሎ ይጽፋል። ይበልጣላ! አይሶኒያዚድ ትንሽዬ ሞለኪውል ነው። ደግሞም ከላይ እንዳልኩት ካትጂ ሳያነቃውና ከኤንኤዲ ጋር ሳይጣበቅ ኢንኤችኤን አይዝም። ሩጫ ላይ ጫማ ያላሠረ ሰው እንደመቅደም ነው። ማነጻጸሪያችሁ ትራይክሎሳን ወይም ሌላ በቀጥታ የሚይዝ ኢንሂቢተር ይሁን።

ደረጃ 4፦ ሞለኪውሎቹን ሰብስባችሁ አበጥሩ

ዚንክ፣ ፐብኬምና ኬምብል የሚባሉት የመረጃ ቋቶች ነጻ ናቸው። ሚሊዮኖች አሉባቸው። ሚሊዮን አያስፈልጋችሁም። 1,000 ወይም 2,000 ምረጡ። አንድ ሞለኪውል ተራ ላፕቶፕ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ለጥቂት ሌሊቶች ይሥራላችሁ። ስክሪፕቱን ስትጽፉ ያለቀውን ዘሎ ካቆመበት እንዲቀጥል አድርጉት። መብራት ሲሄድ ከአንድ እንዳትጀምሩ።

መጀመሪያ በሊፒንስኪ ደንብ አበጥሩ። ክብደቱ ከ500 ዳልተን ያልበለጠ፣ ቅባት ወዳድነቱ ከ5 ያላለፈ፣ ሃይድሮጅን ሰጪዎቹ ከ5፣ ተቀባዮቹ ከ10 ያልበለጡ። ስዊስአድሚ የሚባለው ነጻ አገልግሎት ይህን በደቂቃ ያወጣላችኋል። ግን ደንቡን እንደ አሥርቱ ትእዛዛት አትያዙት። ሪፋምፒሲን 823 ዳልተን ነው። ቤዳኩዊሊን 555 ነው። ሁለቱም ደንቡን ጥሰው ሰው ያድናሉ።

ሁለተኛው ወንፊት ይበልጥ ይጠቅማል። ፔይንስ ይባላል፤ በ2010 የወጣ ዝርዝር ነው። የነካካቸውን ፕሮቲን ሁሉ የሚረብሹ፣ ፈተናውን የሚያጭበረብሩ የሞለኪውል ቅርጾችን ይዘረዝራል። ካቴኮል፣ ኪኖን፣ ሮዳኒን የሚባሉት እዚህ አሉ። የእርድ ቢጫ የሆነው ኩርኩሚንም በዚሁ የታወቀ ነው። ኩርኩሚን ያልያዘው ኢንዛይም ያለ አይመስልም፤ በወረቀት ላይ ማለቴ ነው።

የቀሩትን 50 ወይም 60 በዓይናችሁ እዩዋቸው። አንድ በአንድ። ታይሮሲን 158ን ነክቷል? ኤንኤዲው ላይ ተቀምጧል? ወይስ ጫፉ ብቻ ተንጠልጥሎ ነው ቁጥር ያገኘው? ይህ ሥራ ያሰለቻል። ግን ጥሩና መጥፎ ተማሪ የሚለየው እዚህ ነው። ቁጥሩን በቅደም ተከተል ደርድሮ የላይኛውን አሥር መውሰድ ማንም ይችላል።

ደረጃ 5፦ ሞለኪውሉን እጃችሁ አስገቡ

ከሚሸጡት ምረጡ። የማይገዛና የማይሠራ ሞለኪውል ስክሪን ላይ ይቀራል። ሲመጣም ንጽሕናውን የሚያሳየውን ወረቀት ጠይቁ። ቢያንስ 95 በመቶ ይሁን።

«ከአገራችን ዕፅዋት ብንፈልግስ?» የምትሉ አላችሁ። እሰየው። ከአንኮበር ደን እስከ ጓሳ ሜዳ የሚሞከር ቅጠል ሞልቷል። ግን በአዋጅ ቁጥር 482/1998 (ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል። የሚመለከተው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ዕውቀቱን የነገሯችሁን አባት ስምና ድርሻም አትርሱ። «ጋሼ አንድ ጊዜ ያሳዩኝ» ብሎ ቅጠሉን ቆርጦ መጥፋት ነውር ነው፤ በሕግም ያስጠይቃል። ሌላው ደግሞ፣ ታኒን የበዛበት ጭማቂ ኢንዛይሙን ሁሉ ያቆማል። ቆዳ የሚያለፋውም ይኸው ታኒን ነው። ስለዚህ «ጭማቂው ኢንዛይሙን አቆመ» የሚለው ውጤት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ደረጃ 6፦ ኢንዛይሙ ላይ ፈትኑ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። እኔም ወድቄበታለሁ።

ኢንዛይሙን ለማግኘት የኢንኤችኤን ጂን ኢ ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ውስጥ ከትተው ያመርቱታል። ጫፉ ላይ የሂስቲዲን ጭራ ስለሚቀጠልለት ኒኬል በተሞላ የማጣሪያ ቱቦ ይጣራል። ይህን ብቻችሁን ለመጀመር አትጣደፉ። ፕሮቲን የሚያመርት ላብራቶሪ ፈልጋችሁ ተጠጉ። በቲቢ ምርምር የቆዩ ተቋማት በአገራችን አሉ። በ1970 በፈረንጆች አቆጣጠር አዲስ አበባ የተቋቋመው አርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም አንዱ ነው። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጠዋት ተነስቶ ሰው አነጋግሮ ማታ መመለስ ይቻላል።

የፈተናው ሐሳብ ቀላል ነው። ኢንኤችኤ ሲሠራ ኤንኤዲኤችን ይበላል። ኤንኤዲኤች 340 ናኖሜትር ላይ ብርሃን ይውጣል፤ ሲበላ መዋጡ ይቀራል። ስለዚህ በስፔክትሮፎቶሜትር የቁጥሩን መውረድ ትከታተላላችሁ። በፍጥነት ከወረደ ኢንዛይሙ እየሠራ ነው። ሞለኪውላችሁ ሲገባ አወራረዱ ከዘገየ ምናልባት ኢንሂቢተር ነው። ምናልባት።

ለበፈሩ (ፒኤቹን ለሚያረጋጋው ፈሳሽ) ፓይፕስ የሚባለውን 30 ሚሊሞላር፣ ሶዲየም ክሎራይድ 150 ሚሊሞላር፣ ፒኤች 6.8 አድርጉ። ሰብስትሬቱ፣ ማለትም ኢንዛይሙ የሚሠራበት ሞለኪውል፣ ዶዴሴኖይል ኮኤ ወይም ኦክቴኖይል ኮኤ ነው። ውድ ነው፤ ለልምምድ አታባክኑት። ኤንኤዲኤች 150 ማይክሮሞላር ብታደርጉ፣ የብርሃን መንገዱ 1 ሴንቲሜትር በሆነ ኩቬት ንባቡ 0.93 አካባቢ መጀመር አለበት። ሒሳቡ 6,220 ሲባዛ በ0.00015 ነው። 0.7 ካያችሁ ኤንኤዲኤቹ ተበላሽቷል ወይም ሚዛናችሁ ዋሽቷል። ኤንኤዲኤችን በየቀኑ አዲስ በጥብጡ፣ በረዶ ላይ አቆዩ። ንባቡ በደቂቃ 0.0622 ቢወርድ፣ ኢንዛይሙ በደቂቃ 10 ማይክሮሞላር በላ ማለት ነው።

ሁልጊዜ ሦስት ኮንትሮል፣ ማለትም ማነጻጸሪያ፣ ያዙ። አንዱ ኢንዛይም የሌለበት። አንዱ ኢንዛይም ያለበት ሆኖ ከሞለኪውል ይልቅ ባዶ ዲኤምኤስኦ (ሞለኪውሉን የምናሟሟበት ፈሳሽ) የገባበት። አንዱ ትራይክሎሳን ያለበት። የዲኤምኤስኦው መጠን በሁሉም እኩል፣ ከ1 በመቶ ያልበለጠ ይሁን።

አሁን ወደ ብርዱ ልምጣ። ዲኤምኤስኦ በ18.5 ዲግሪ ይረጋል። አዲስ አበባ ወይም ሸዋ ሮቢት ያለ ሰው ላያስተውለው ይችላል። ደብረ ብርሃን ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ላብራቶሪ ስትገቡ መደርደሪያው ላይ ያለው ጠርሙስ እንደ ጮማ ረግቶ ይጠብቃችኋል። ግማሹ ሲቀልጥ ቶሎ ብላችሁ በፒፔት ከሳባችሁ፣ የምትስቡት መጠን ትክክል አይደለም። ሞለኪውሉም ከታች ሊዘቅጥ ይችላል። ሙሉ በሙሉ አቅልጡት፣ አንቀጥቅጡት፣ ዝቃጭ እንደሌለ በብርሃን እዩ፣ ከዚያ ሳቡ።

የእኔ ጉድ ደግሞ ይኼ ነው። አንድ ቀን ሞለኪውሎቹን ጠዋት አነበብኳቸው። ኮንትሮሉን ምሳ በልቼ፣ ፀሐይ ክፍሉን ካሞቀችው በኋላ። ሞለኪውሎቹ ሁሉ 30 በመቶ ያህል ኢንዛይሙን አቁመዋል። ሁሉም! ደስ ብሎኝ ለሁለት ቀን ሰው ሳወራ ከረምኩ። በሦስተኛው ቀን ባዶ ዲኤምኤስኦውን ጠዋት አነበብኩት። እሱም 30 በመቶ «አቆመ»። ያቆመው ውርጩ ነበር። የኢንዛይም ፍጥነት ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲወርድ በግምት በግማሽ ይቀንሳል። ማሽናችሁ ሙቀት መቆጣጠሪያ ካለው 25 ላይ አድርጉት። ከሌለው ኮንትሮሉንና ሞለኪውሉን እያፈራረቃችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንብቡ፤ የክፍሉንም ሙቀት ደብተር ላይ ጻፉ።

ፈተናው ራሱ የሚታመን መሆኑን በዜድ ፕራይም ለኩ። ሙሉ የሚሠራውንና ኢንዛይም የሌለበትን ኮንትሮሎች መዋዠቅ (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን) ደምሩ፣ በ3 አባዙ፣ በአማካኞቻቸው ልዩነት አካፍሉ፣ ከ1 ቀንሱ። ለምሳሌ ሙሉ የሚሠራው 0.060 ሆኖ መዋዠቁ 0.003፣ ኢንዛይም የሌለበት 0.002 ሆኖ መዋዠቁ 0.001 ቢሆን፣ ውጤቱ 0.79 ይመጣል። ከ0.5 በላይ ከሆነ ቀጥሉ። በታች ከሆነ ፒፔታችሁን ፈትሹ።

ጥሩ የሚመስል ሞለኪውል ሲገኝ በስምንት መጠን ፈትኑት። ከ100 ማይክሮሞላር ጀምሮ በ3 እያካፈላችሁ ውረዱ። ኢንዛይሙን በግማሽ የሚያቆመው መጠን አይሲ50 ይባላል። አንዳንድ ሞለኪውል ቀስ ብሎ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ከኢንዛይሙና ከኤንኤዲው ጋር ጥቂት ደቂቃ አቆይታችሁም ሞክሩት።

ደረጃ 7፦ ውሸታሙን አጋልጡ

ሞለኪውሉ ራሱ ቢጫ ከሆነ 340 ላይ ብርሃን ሊውጥና ንባቡን ሊያዛባ ይችላል። ኢንዛይም ሳትጨምሩ ብቻውን አንብቡት።

አንዳንዱ ሞለኪውል ውሃ ውስጥ እርስ በርሱ ተጓጉሎ እንክብል ይሠራል። ኢንዛይሙ እዚያ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ኢንሂቢተር ይመስላል፤ አይደለም። መፍትሔው ርካሽ ነው። ትራይተን ኤክስ 100 የሚባለውን ሳሙና 0.01 በመቶ ጨምራችሁ ድገሙት። አይሲ50ው 2 ማይክሮሞላር የነበረው 80 ከሆነ፣ ጉጉል ነበር። ጣሉት። ያሳዝናል፤ እኔ አንዴ የስድስት ወር ሥራ በአንድ ጠብታ ሳሙና ጥያለሁ።

ደረጃ 8፦ ባክቴሪያው ላይ

ኢንዛይሙን ያቆመ ሁሉ ባክቴሪያውን አይገድልም። በርኖሱን አልፎ መግባት አለበት። ከገባም በኋላ ባክቴሪያው በፓምፕ መልሶ ሊተፋው ይችላል። ትልልቅ የመድኃኒት ኩባንያዎች ሳይቀሩ በኢንዛይም ላይ ብቻ ተመሥርተው ፀረ ባክቴሪያ ሲፈልጉ ብዙ ገንዘብ ከስረዋል። ቤዳኩዊሊን የተገኘው በተቃራኒው መንገድ ነው። መጀመሪያ ባክቴሪያ ገደለ፤ ኢንዛይሙ የታወቀው መድኃኒቱን የተላመዱ ባክቴሪያዎች ሲመረመሩ ነው።

በማይኮባክቴሪየም ስሜግማቲስ ጀምሩ። የቲቢ የሩቅ ዘመድ ነው። በሦስት አራት ሰዓት ይራባል፣ ጤናማ ሰው ብዙም አይታመምበትም። የቲቢው ባክቴሪያ አንዴ ለመከፈል ወደ 20 ሰዓት ይፈጃል። ቀጥሎ ኤች37አርኤ የተባለው የተዳከመ ዝርያ አለ። በሽታ አምጪውን ግን ባዮሴፍቲ ሌቨል 3 የሚባለው የደኅንነት ላብራቶሪ ከሌለ አትንኩት። በዚህ ድርድር የለም።

ሪዛዙሪን የሚባለው ቀለም ሰማያዊ ነው። ሕያው ባክቴሪያ ሲያገኘው ሮዝ ይሆናል። ሰማያዊ ሆኖ የቀረው የመፈተኛ ሳህኑ ጉድጓድ ባክቴሪያው ያላደገበት ነው። እድገቱን የገታው ትንሹ መጠን ኤምአይሲ ነው።

አውቶክሌቭ፣ ማለትም ዕቃ በእንፋሎት ግፊት የሚያመክነውን ማሽን፣ ስትጠቀሙ ሌላ የደጋ ወጥመድ አለ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ውሃ እዚህ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። መጽሐፉ «15 ፒኤስአይ» (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) የሚለው ለባሕር ዳርቻ ነው። እዚህ ግፊት መለኪያው 15 ሲል ውስጡ ወደ 116 ዲግሪ ብቻ ነው የሚሆነው። 121 ለማድረስ 19 አካባቢ ያስፈልጋል። ማሽኑ ያንን ግፊት እንደሚችል ሳታረጋግጡ ግን አትጨምሩ። የምትመሩት በግፊቱ ሳይሆን በሙቀቱ ነው።

ደረጃ 9፦ የቀረው ካለ

እስከዚህ የደረሰ ሞለኪውል ካላችሁ ሦስት ጥያቄ ይቀራል።

የሰው ሴል ይገድላል? ቬሮ ወይም ሄፕጂ2 በሚባሉ ሴሎች ፈትኑ። ሴሉን የሚጎዳው መጠን ከኤምአይሲው ቢያንስ በ10 እጥፍ መብለጥ አለበት።

ባክቴሪያውን የገደለው በእርግጥ ኢንኤችኤን አቁሞ ነው? ኢንኤችኤን አብዝቶ እንዲያመርት በተደረገ ባክቴሪያ ላይ ሞክሩ። መንገዱ ያ ከሆነ ኤምአይሲው ከፍ ይላል። ካልተለወጠ ሌላ ነገር ነክቶ ነው።

ከሪፋምፒሲን ጋር አብሮ ይሄዳል? ቲቢ በአንድ መድኃኒት አይታከምም። ሪፋምፒሲን ደግሞ ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ3ኤ4 የሚባለውን ኢንዛይም ያነቃቃል። ሌሎች መድኃኒቶች ቶሎ ተቃጥለው ይወጣሉ። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ታካሚዎች ላይ ሐኪሞች የሚጠነቀቁት አንዱ ለዚህ ነው። የእናንተም ሞለኪውል በዚሁ ኢንዛይም የሚቃጠል ከሆነ ከወዲሁ እወቁት።

ከዚህ በኋላ ያለው የእንስሳትና የሰው ሙከራ ነው። እሱ የዓመታት፣ የብዙ ሰውና የብዙ ገንዘብ ሥራ ነው፤ የዚህ መመሪያ ድርሻ አይደለም።

ተማሪዬ ኤንኤዲውን መልሳ 1,200 ሞለኪውል እንደገና አስገባች። በዓይኗ አይታ 11 አስቀረች። ፔይንስ ሦስቱን ጣለ፤ አራቱ የሚሸጡ ሆነው አልተገኙም። አራት ቀሯት። ሁለቱ ባለፈው ወር ደርሰዋታል። ከስፔክትሮፎቶሜትሩ ጎን ቴርሞሜትር ለጥፋለች። ትናንት ጠዋት ሳልፍ 13 ዲግሪ ይላል። እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ዲኤምኤስኦው እስኪቀልጥ ትጠብቃለች።